«ላይ» ሁሉ «ኦን» አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። ጠያቂው ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ለመሆን እየተማረ ያለ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይታማም። ቃላት አለኝ፣ ቴንስም ብዙ አያስቸግረኝም። ፕሪፖዚሽን ጋ ስደርስ ግን በዳበሳ ነው የምሄደው። ኢን ልበል፣ ኦን ልበል፣ አት ልበል፣ ዕጣ የምጥል ነው የሚመስለኝ። ዓይነታቸውንና አገልግሎታቸውን የምይዝበት ዘዴ ካለ ይንገሩኝ። ትናንት የጻፍኳቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችም ይረሙልኝ፦ ‹ዊ አራይቭድ ቱ ጎንደር›፤ ‹ዘ ኤንጀልስ አር ፔይንትድ ኢን ዘ ሩፍ›፤ ‹ቱሞሮው አይ ዊል ዌይት ዩ ኢን ዘ ጌት›።»

ወንድም ዓለም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱንም እናርማለን፤ መጨረሻ ላይ። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ያንተ ችግር የእንግሊዝኛ ማነስ አይደለም። የአማርኛህ መበርታት ነው። ፕሪፖዚሽን የሚያስፈልግበት ቦታ ስትደርስ አእምሮህ መጀመሪያ «ላይ»ን ወይም «በ»ን ያነሳል። ከዚያ እሷን የምትተካ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ፍለጋ ይወጣል። እንዲህ ያለች ቃል የለችም። የዳበሳው ምንጭ ይኼ ነው።

የዓይነቱን ነገር ቶሎ ልጨርስልህ። ፕሪፖዚሽን ማለት በእኛ ሰዋስው መስተዋድድ የምንለው ነው። ስምን ከሌላው የዓረፍተ ነገር ክፍል ጋር ያዛምዳል። አንድ ቃል የሆኑ አሉ፦ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ፣ ዊዝ፣ ፎር፣ ፍሮም። ተሰብስበው እንደ አንድ የሚሠሩም አሉ፦ ኢን ፍሮንት ኦፍ፣ ቢኮዝ ኦፍ፣ አኮርዲንግ ቱ። በአገልግሎት ደግሞ የቦታ፣ የጊዜ፣ የአቅጣጫ፣ የመሣሪያ፣ የምክንያት እያሉ ይከፍሏቸዋል። ይህን ለፈተና ያዘው። እንግዳ ፊት ቆመህ ስታወራ ግን ምንም አይፈይድህም። አንዱ ቃል ራሱ በአራት ክፍል ውስጥ ይገባልና።

አንድ ልዩነት ግን ልብ በል። እንግሊዝኛው ከስሙ በፊት ይቆማል። አማርኛ ስሙን ከፊትም ከኋላም ያቅፈዋል፦ «ከጠረጴዛው ላይ»፣ «በቤቱ ውስጥ»። በንግግር ደግሞ የፊተኛውን እንጥለውና «ጠረጴዛው ላይ» ብለን እንሄዳለን። በዚህ ምክንያት «ላይ» ሸክም በዝቶባታል። ያገኘችውን ሁሉ ትሸከማለች።

እስቲ ከፒያሳ ወደ ፋሲል ግቢ አብረን እንውረድና የምታወራውን እንስማ።

«ጎንደር ላይ ተገናኘን» ትላለህ። እንግሊዝኛው ኢን ጎንደር ነው። «በሩ ላይ ቆሟል»፤ አት ዘ ጌት። «ግንቡ ላይ ወፍ አለ»፤ ኦን ዘ ዎል። ሦስት «ላይ»፣ ሦስት የተለያዩ ቃላት። ለምን? እንግሊዝኛ ነገሩን እንዴት አድርገህ እንዳየኸው ይጠይቅሃል። እንደ ነጥብ ካየኸው አት ነው። ካርታ ላይ ጣትህን የምታሳርፍበት ነጥብ ማለት ነው። እንደ ገጽ ካየኸው፣ ማለትም የሆነ ነገር የሚነካው ወይም የሚያርፍበት ከሆነ፣ ኦን ነው። የሚከብህ፣ ውስጡ የምትሆንበት ነገር ከሆነ ደግሞ ኢን ነው። አማርኛ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። «ላይ» ብሎ ያልፋል፤ ሰሚውም ይገባዋል።

ስለዚህ አንዱ ቦታ ሦስቱንም ሊቀበል ይችላል። ግቢው ውስጥ ሆነህ ቤተ መንግሥቱን እያስጎበኘህ ከሆነ ኢን ዘ ካስል ነህ። ጓደኛህ ደውሎ «የት ነህ?» ሲልህ ግን አት ዘ ካስል ብትል ይበቃል። ውስጥ ሁን ውጭ ጉዳዩ አይደለም፤ ነጥቡን ነው የነገርከው። ጣሪያው ላይ ወጥተህ ጣናን ለማየት የምትንጠራራ ከሆነ ኦን ዘ ካስል ይሆናል። (እንዳትወጣ ብቻ።)

አሁን ወደ ፋሲል መዋኛ እንሂድ። የጥምቀት ጊዜ ልጆች ዛፍ ላይ ይሰቀላሉ። እንግሊዝኛው ኢን ዘ ትሪስ ይላል። ኦን አይደለም። ቅርንጫፍና ቅጠሉ ይከብቧቸዋልና ውስጥ እንደሆኑ ነው የሚታየው። ወፍም ኢን ዘ ትሪ ናት። ፍሬው ግን ኦን ዘ ትሪ ነው፤ የተያያዘ ነውና። አጥሩን አቅፈው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች አይተሃቸዋል አይደል? እነሱ ኦን ዘ ዎል ናቸው።

ሥዕል ደግሞ ለአስጎብኚ ትልቅ ወጥመድ ነው። «ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ» ስትል ኢን ዘ ፔይንቲንግ በል። ሰውዬው የሥዕሉ ዓለም ውስጥ ነው። ሥዕሉ ላይ አቧራ ካለ አቧራው ኦን ዘ ፔይንቲንግ ነው። ሥዕሉ ራሱ ግድግዳው ላይ ካለ ኦን ዘ ዎል። ይህችን አንዴ ከያዝካት ነገሩ ሁሉ ይፈታልሃል።

የቀሩትን «ላይ»ዎች በሩጫ፦ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ኢን አ ሚቲንግ። ሥራ ላይ ነኝ፣ አት ወርክ። ስልክ ላይ ነኝ፣ ኦን ዘ ፎን። መንገድ ላይ ነኝ (ገና ከቤት ሳትወጣ የምትላት)፣ ኦን ማይ ዌይ። ሰማይ ላይ፣ ኢን ዘ ስካይ። ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ኢን ዘ ሰን። ይህንን ኦን ካልከው ተቃጥለሃል።

«ስር» እና «ፊት ለፊት»ም እንደዚሁ ያሳስታሉ። «ከጎሃ ተራራ ስር» ብለህ አንደር ዘ ማውንቴን ካልክ እንግዳው ዋሻ ሊፈልግ ይችላል። አት ዘ ፉት ኦፍ ዘ ማውንቴን ነው የሚባለው፤ እነሱም የተራራውን «እግር» ነው የሚጠሩት። «ባንኩ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ነው» ስትል ደግሞ መካከላቸው መንገድ አለ አይደል? እንግዲያው ኦፖዚት በል። ኢን ፍሮንት ኦፍ ካልክ ባንኩ የሆቴሉ ደጃፍ ላይ ተገትሯል ማለት ነው። ባጃጁ ደጃፍ ላይ ሲጠብቅህ ነው ኢን ፍሮንት ኦፍ የሚመጣው።

ወደ «በ» እንምጣ። እሷ ከ«ላይ» ትብሳለች፤ አንዲት ፊደል ሆና የስንቱን ሥራ ትሠራለች። «ግንቡ በፋሲል ተሠራ»፤ አድራጊው ነውና ባይ። «በቢላ ቆረጠው»፤ መሣሪያ ነውና ዊዝ። «በድንጋይ የተሠራ»፤ የተሠራበት ነገር ነውና ኦፍ። «በእንግሊዝኛ ተናገረ»፤ ኢን። «በ500 ብር ገዛሁት»፤ ፎር። «በበሩ ገባ»፤ ስሩ (through)። «በሒሳብ ጎበዝ ነው»፤ አት። «በሳምንት ሁለት ጊዜ» ስትል ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም፤ ትዋይስ አ ዊክ ብቻ። ከእነዚህ ውስጥ አስጎብኚን አዘውትራ የምታስቸግረው የባይ እና የዊዝ ልዩነት ናት። ማን ነው ያደረገው? ባይ። በምን አደረገው? ዊዝ። ወታደሩ ባይ ነው፣ ጎራዴው ዊዝ ነው።

የመጓጓዣዋ «በ» ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። «በባጃጅ መጣሁ» ባይ ባጃጅ ነው። «በወንድሜ ባጃጅ መጣሁ» ስትል ግን ባይ ይወድቃል፤ ኢን ማይ ብራዘርስ ባጃጅ ይሆናል። ባይ ከጎኑ «የእኔ»ም «የእሱ»ም አይፈልግም፤ ዓይነቱን ብቻ ነው የሚናገረው። አውቶቡስ፣ አውሮፕላንና መርከብ ኦን ይወስዳሉ። ውስጣቸው ቆመህ መራመድ ትችላለህ። ታክሲና ባጃጅ ኢን ናቸው፤ ተጣጥፈህ ነው የምትገባው። ስሜን ተራሮች የምትወጣባት በቅሎ ኦን ናት። በእግር ግን ኦን ፉት። ባይ ፉት የሚሉ እንግሊዞችም አጋጥመውኛል፤ አንተ በኦን ሂድ።

የጊዜው ነገር ቀላል ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ውረድ። ዓመትና ወር ኢን፦ ጎንደር የተቆረቆረችው ኢን 1636 ነው (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)፣ ጥምቀት የሚውለው ኢን ጃንዋሪ። ቀን ኦን፦ ኦን ጃንዋሪ 19። ሰዓት አት፦ አት ኤይት። ያቺ አት ኤይት የእኛ 2 ሰዓት መሆኗን ለእንግዳ መንገር አትርሳ እንጂ ፕሪፖዚሽንህ ትክክል ሆኖ ቀጠሮህ ሊፈርስ ይችላል። ኢን ዘ ሞርኒንግ ይባላል፤ አት ናይት ይባላል። «ለምን?» ብለህ አትድከም፣ ልማድ ነው። ጠዋቱ ቀን ከተጨመረበት ወደ ኦን ይዞራል፦ ኦን መንደይ ሞርኒንግ። «በሚቀጥለው ሳምንት» እና «ባለፈው ሰኞ» ስትል ግን «በ»ን ይዘህ አትሂድ። ኔክስት ዊክ፣ ላስት መንደይ፤ ከፊታቸው ምንም የለም። ተማሪዎቼ ኦን ላስት ዊክ ሲሉኝ «በ» ከኋላ ሆና ስትገፋቸው ትታየኛለች።

«እስከ»ን የማስተምረው በራሴ ውርደት ነው። ወጣት ሆኜ ለሁለት እንግዶች ወደ ደባርቅ የሚወስዳቸው መኪና ተከራየሁላቸው። ሹፌሩ «እስከ ስድስት ሰዓት እመጣለሁ» አለኝ። እኔም ቀጥታ ተረጎምኩ፦ ዘ ካር ዊል ቢ ሂር አንቲል ትዌልቭ። እነሱ «መኪናው እስከ ስድስት ድረስ እዚህ ቆሞ ይጠብቃል» ማለቴ መሰላቸው። ሰፊ ጊዜ አለን ብለው ቁስቋምን ሊያዩ ወጡ። መኪናው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሹፌሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጡሩምባ እየነፋ፣ እኔን እየተራገመ ጠበቀ። እንግዶቹ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ እየሳቁ ደረሱ። «በሰዓቱ ደረስን አይደል?» አሉኝ። እንዴት ያሉ ደንታ ቢሶች ናቸው ብዬ ለስንት ዓመት ሳማቸው ኖሬያለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የገባኝ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ሳይቋረጥ እስከዚያ የሚቆይ ከሆነ አንቲል ነው። ከዚያ ሰዓት በፊት አንዴ የሚፈጸም ነገር ከሆነ ባይ ነው። «እስከ ዓርብ እቆያለሁ»፣ አንቲል። «እስከ ዓርብ እከፍላለሁ»፣ ባይ። እኔ ያኔ ባይ ትዌልቭ ብል ኖሮ ሹፌሩም አይሰድበኝም ነበር።

«ለ» እና «ከ» ብዙ አያስቸግሩህም። «ለሦስት ዓመት» ርዝመቱን ሲናገር ፎር፤ «ከሰኔ ጀምሮ» መነሻውን ሲናገር ሲንስ። «ከእኔ ይረዝማል» ሲሆን ዛን እንጂ ፍሮም አይደለም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ሲሆን ደግሞ ሜሪድ ቱ እንጂ ሜሪድ ዊዝ አይባልም። እንግሊዝኛ ላይ ጋብቻ አቅጣጫ አለው መሰለኝ።

አሁን ወደ ግሶቹ። አንዳንዱ የአማርኛ ግስ ብቻውን ይሄዳል፤ የእንግሊዝኛው አቻው ግን አጃቢ ይፈልጋል። «ጠብቀኝ» ዌይት ፎር ሚ ነው። «ሙዚቃ እሰማለሁ» ሊስን ቱ ነው። «አስረዳኝ» ኤክስፕሌይን ቱ ሚ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አማርኛችን «ስለ» እና «ወደ» እያለ እንግሊዝኛው ባዶውን የሚሄድበት አለ። «ስለ ዋጋው ተወያየን» ስትል ዲስከስድ ዘ ፕራይስ ነው፤ አባውት አይገባም። «ወደ ግቢው ገባን» ኤንተርድ ዘ ኮምፓውንድ ነው፤ ኢንቱ አይገባም። ዲስከስ አባውት የምትለዋ ስህተት ከተማሪ አልፋ ስንት ቢሮ ውስጥ በደብዳቤ ላይ ማኅተም ተመቶባት አይቻለሁ!

ስለዚህ ደብተርህ ላይ ግስ ብቻውን አትጻፍ። ግስን ያለ ፕሪፖዚሽኑ መያዝ እንጀራን ያለ ወጥ እንደማቅረብ ነው። «ዲፔንድ» ብለህ አታቁም፤ «ዲፔንድ ኦን» ብለህ ጻፍ። ቅጽሉንም እንዲሁ፦ አፍሬድ ኦፍ፣ ኢንተረስትድ ኢን። ከፕሪፖዚሽን በኋላ ግስ ከመጣ ደግሞ ግሱ በኢንግ ያልቃል፦ ኢንተረስትድ ኢን ለርኒንግ፣ ሳንክ ዩ ፎር ካሚንግ። ለእንግዳ ኢሜይል ስትጽፍ የምታስገባት ሉክ ፎርዋርድ ቱ እንኳ ሲዪንግ ዩ ነው የምታስከትለው። ያቺ ቱ ፕሪፖዚሽን ናት።

እኔ የምወዳትን ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ትምህርት ቤት «ዓረፍተ ነገርን በፕሪፖዚሽን መጨረስ ነውር ነው» ተብለህ ይሆናል። ነገሩ የቆየ ነው። ጆን ድራይደን የሚባል እንግሊዛዊ ባለቅኔ በ1672 ቀዳሚውን ቤን ጆንሰንን በዚሁ ጉዳይ ወቅሶት ነበር። ላቲን ቋንቋ እንዲህ ማድረግ አይፈቅድም፤ የላቲን ምሁራን ደግሞ እንግሊዝኛንም በዚያው ሚዛን ይለኩት ነበር። ሕዝቡ ግን አልሰማም። ዛሬም ዌር አር ዩ ፍሮም? ነው የሚለው።

የሚገርመው እኛም እንደዚሁ ማድረጋችን ነው። «የተወለድኩበት ከተማ» በል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «በት» አየሃት? «በ» ናት፤ ግሱ ጅራት ላይ ሄዳ ተለጥፋለች። እንግሊዝኛውም ዘ ሲቲ አይ ዋዝ ቦርን ኢን ነው። «የተቀመጥኩበት ወንበር»፣ ዘ ቼር አይ ሳት ኦን። «የጻፍኩበት እስክርቢቶ»፣ ዘ ፔን አይ ሮት ዊዝ። የእኛዋ አንዲት «በት» እዚያ ማዶ ኢን፣ ኦን፣ ዊዝ ሆናለች።

ይህ መፈተኛ ይሁንህ። ብዙ ሰው ዘ ሆቴል ዊ ስቴይድ ብሎ ያቆማል። አማርኛውን ጠይቀው። «ያረፍንበት ሆቴል» ይልሃል። «በት» ካለች እንግሊዝኛው ጅራት ላይ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው፤ እዚህ አት ናት። ዌር ካስገባህ ግን እሷው ትበቃለች፤ ዘ ሆቴል ዌር ዊ ስቴይድ። አማርኛህ እስካሁን ሲያሳስትህ ቆይቷል፤ እዚህ ላይ ግን ይክስሃል።

ለልምምድ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃልህ ያዝ፤ ሥራህም ናት። «መዋኛው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል።» ዘ ፑል ኢዝ ፊልድ ዊዝ ዋተር ፍሮም ዘ ቀሃ ሪቨር ፎር ጥምቀት። ጮክ ብለህ አንብባት። ዊዝ፣ ፍሮም፣ ፎር፤ እያንዳንዷ ለምን እዚያ እንደቆመች ለራስህ ተናገር። ከዚያ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አንድ፣ ስለ ቁስቋም አንድ ራስህ ሥራ። በቀን ሁለት ትበቃለች።

በል እርማቱን።

አንደኛው፦ አራይቭ ከቱ ጋር አይሄድም። ከተማ ከሆነ ዊ አራይቭድ ኢን ጎንደር፤ ግንቡ ጋ ከሆነ ዊ አራይቭድ አት ዘ ካስል። ቱን ከወደድካት ኬም ቱ በል፤ እሷ ትስማማለች።

ሁለተኛው፦ መላእክቱ የተሣሉት ኮርኒሱ ላይ ነው። ኦን ዘ ሲሊንግ በል። እኛ ሁሉንም «ጣሪያ» ስለምንል ነው ሩፍ ያልከው። ሩፍ ዝናብ የሚመታው የውጭው ክዳን ነው። ኢን ስትጨምርበት ደግሞ መላእክቱን ክዳኑና ኮርኒሱ መካከል ሸሸግካቸው። እንግዳው ቀና ብሎ የሚያያቸው እነዚያ ፊቶች ገጹ ላይ ናቸው፤ ኦን።

ሦስተኛው፦ ቱሞሮው አይ ዊል ዌይት ፎር ዩ አት ዘ ጌት። ፎር ለምን እንደገባች አሁን ታውቃለህ። ኢን ዘ ጌት ካልክ መዝጊያው መሃል ተሰንቅረሃል፤ ኦን ዘ ጌት ካልክ ተንጠልጥለህበታል። አት ልክ ናት። ግን ፋሲል ግቢ 12 በር እንዳለው ለእንግዶችህ የምትነግራቸው አንተው ነህ። የትኛው በር እንደሆነ ጻፍላቸው።